ሰው የጎረፈ ዕለት

ትናንት ሌሊት ጋሽ ሸዋቀና ያየውን ሕልም እንኳን እናንተ ጠላቴም አይየው። "ሕልም እልም ነው" እያለ የሚያጽናና ሰው መቼም አይጠፋም። እኔ ግን እላለሁ፣ ሰው ክፉ ሕልም ሲያይ ማታ ምን እንደበላ አትጠይቁት፤ ቀን ምን ሲሠራ እንደዋለ ጠይቁት። ጋሽ ሸዋቀና ቀን ሲሠራ የዋለውን ደግሞ እኛ የሐሮቤ ሰዎች እናውቃለን። እጃችንን አውጥተን ያጸደቅንለት እኛው ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሮቤ ከጀርባዋ ኮረብታ፣ ከፊቷ ሐይቅ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ኮረብታው ላይ የዘነበው ሁሉ ወደ ሐይቁ ለመውረድ በእኛ መሀል ያልፋል። ማለፉንስ ይለፍ፤ ቤት ለቤት እየገባ ነው እንጂ የሚያልፈው! ዓመት ዓመት ፍራሽ እናሰጣለን፣ ዓመት ዓመት ግድግዳ እንለስናለን። በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ "የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ ይሠራ፤ ግማሹን ሕዝቡ ያዋጣ፣ ግማሹን እኔ" አለ። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ሸዋቀናም የቦይ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆነ። መዋጮው በስንት ልመና፣ በስንት ኩርፊያ ተሰበሰበ።

ቦዩ ቀጥ ብሎ ሐይቁ ድረስ እንዲወርድ በጋሽ ሸዋቀና ግቢ ማለፍ ነበረበት። ጥንትም የውሃው መንገድ እሱ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያውቁታል። ጋሽ ሸዋቀና ግን እዚያው መንገድ ላይ የሚያከራያቸውን ሰርቪስ ቤቶች ደርድሮበታል። ከሱ አጥር ቀጥሎ የይፍቱሥራ ጓሮ አለ። ይፍቱሥራ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ አልጋ ላይ የዋሉ አባቷን፣ አባባ ደገፋውን፣ ታስታምማለች። እሳቸውን ጥላ መውጣት ስለማትችል ስብሰባ አትመጣም። እና እሁድ ዕለት ስብሰባው ላይ ጋሽ ሸዋቀና ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንዲህ አለ፦

"የይፍቱሥራ ጓሮ ባዶ ነው፤ ቁልቁልም ነው። ብሩ ለጊዜው እዚያ ድረስ ያደርሰናል። ከዚያ ወደ ሐይቁ ያለው በሁለተኛው ምዕራፍ ይታያል።"

ሁለተኛው ምዕራፍ! እኔ እዚህ ከተማ ተወልጄ እዚሁ ሸብቻለሁ፤ የአንድም ነገር ሁለተኛ ምዕራፍ አይቼ አላውቅም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ማለት ይኸው ነው። ቦዩ ከኮረብታው የወረደውን ጎርፍ ሁሉ ሰብስቦ አምጥቶ በአንዲት ሴት ጓሮ ሊደፋው ነው። ሁላችንም ገብቶናል፤ ሁላችንም ደግሞ "ብቻ ከእኔ ደጅ ይራቅ" እያልን አጨበጨብን። የማዘጋጃ ቤቱ ወጣት መሐንዲስ፣ ኢንጂነር ሰላሙ፣ ችካሎቹን ከጋሽ ሸዋቀና ግቢ ነቅሎ ወደ ይፍቱሥራ ጓሮ አዞራቸው። ስካቫተሩ ሰኞ ማለዳ ቁፋሮ ይጀምራል ተባለ። እስከዚያ ድረስ ጋሽ ሸዋቀና አንድ ቃል ቢናገር ችካሉ ወደ ቦታው ይመለስ ነበር።

ያን ማታ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞር አለ። በቀኝ ተኛ፣ በግራ ተኛ፣ ትራሱን ገለበጠው።

"ኧረ አንተ ሰው ተኛ! አልጋውን አረስከው እኮ" አለችው ሚስቱ አመለወርቅ።

"ሞቀኝ።"

"በዚህ ብርድ?"

ከብዙ መገላበጥ በኋላ እንደምንም ሸለብ አደረገው። ምነው ባላደረገው።

በሕልሙ ከግቢው ወጣ። ፀሐይ ነው፤ ደመና የሚባል የለም። አስፋልቱ ላይ ግን ውሃ እየሄደ ነው። መፍሰሱ አይደለም፣ መሄዱ ነው። ጫማ ተጫምቶ፣ ኮት ደርቦ፣ ጃንጥላ ይዞ፣ ሱሪው እንዳይቆሽሽ ሰብሰብ አድርጎ ይሄዳል። አንዱ ውሃ ሌላውን ውሃ ሲያገኝ ቆም ብሎ "ልጆች ደህና ናቸው?" ይባባላል። ሰው ግን በመንገዱ ላይ አንድም የለም። ጋሽ ሸዋቀና ፈራ፤ ለምን እንደፈራ ግን አላወቀም።

ፊሽካ ተነፋ። አደባባዩ ላይ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ትራፊክ ውሃ ቆሟል።

"አንተ ሰውዬ! አስፋልት ላይ ምን ትሠራለህ? ዲችህ ውስጥ ግባ!"

"እኔ እኮ የዚህ ሰፈር እድር ሊቀመንበር ነኝ።"

"ሰው ሰው ነው። ስትሞሉ ማንን ከማን እንለያለን? ግባ ብዬሃለሁ!"

ጋሽ ሸዋቀና ሱሪውን ሰብስቦ አስፋልቱ ዳር ወዳለው የጎርፍ መውረጃ፣ ዲቹ ውስጥ፣ ወረደ። ለካስ የሐሮቤ ሰው ሁሉ እዚያ ኖሯል! ባለ ሥጋ ቤቱ ቢላውን እንደያዘ፣ ከንቲባው የሪባን መቀሱን እንደያዙ፣ ሰርቪስ ቤቶቹን የተከራዩት ሰዎች የጥርስ ብሩሽ እንደጎረሱ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይወርዳሉ። እግሩን የሚያነሣ የለም። ዝም ብሎ ነው የሚኬደው።

"ወዴት ነው የምንሄደው?" ብሎ ባለ ሥጋ ቤቱን ጠየቀው።

"እኔ ምን አውቄ? ቁልቁል ነው።"

ከአንድ ፎቅ መስኮት አንዲት ሻሽ ያሰረች ውሃ ብቅ አለችና አንድ ፌስታል ሙሉ የጫት ገረባ ከባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጋር አናታቸው ላይ ደፋችው።

"ኧረ ሴትዮ፣ እዚህ ሰው አለ!" ብሎ ጮኸ ጋሽ ሸዋቀና።

"ለዚያማ ነው እዚህ የምደፋው። ይዞልኝ ይሂድ ብዬ ነው" ብላ መስኮቷን ዘጋች።

ጋሽ ሸዋቀና ጆሮው ላይ የተንጠለጠለውን ገረባ እያራገፈ ተናደደ። ወዲያው ደግሞ ባለፈው ሳምንት እሱ ራሱ ከግቢው የጠረገውን ቆሻሻ የት እንደደፋው ትዝ አለው።

ትንሽ እንደወረዱ ሁለት አባ ኮዳዎች አገኟቸው። አባ ኮዳ መቼም ታውቃላችሁ፤ እዚያ ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ራሰ በራውን ዝቅ አድርጎ፣ ክንፉን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚንጎራደደው ትልቁ ወፍ ነው። በእውኑም ዓለም ቢሆን ደመወዝ አይከፈለውም እንጂ ተቆጣጣሪ ይመስላል። በሕልሙ ግን ደረቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል። አንደኛው የጋሽ ሸዋቀናን ኮሌታ በመንቆሩ ያዘና ብርሃን ላይ አንሥቶ አየው።

"ይኼ ከየት የመጣ ሰው ነው?"

"ከላይ" አለ ሁለተኛው።

"ሊዘጋ ይችላል?"

"ዘግቷል እንጂ! ሥራው ምን ሆነና።"

"እንግዲያው ይለፍ" አለ የመጀመሪያውና መልሶ ጣለው። ጋሽ ሸዋቀና ምን ማለታቸው እንደሆነ ሊጠይቅ ዞረ፤ እነሱ ግን ከንቲባውን ማገላበጥ ጀምረው ነበር።

ከዚያ ቆሙ። ፊት ያሉት ቆሙ፣ የኋላዎቹ ግን አልቆሙም። መገፋት መጣ፣ መታፈን መጣ። ጋሽ ሸዋቀና ደረቱ በባለ ሥጋ ቤቱ ጀርባ ላይ ተለጠፈ።

"ምንድነው የዘጋን?" ብሎ ጮኸ።

ከንቲባው ዓይናቸውን በጨው አጥበው "የመሠረት ድንጋይ ነው" አሉት። "ለዚሁ ቦይ የተቀመጠ።"

አንገቱን አስግጎ ሲያይ እውነትም ድንጋይ ነው። አንድ ብቻ ግን አይደለም፤ ከድንጋዩ ኋላ ድንጋይ፣ ከሱ ኋላ ሌላ ድንጋይ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ መጋረጃ ለብሰው ቦዩን ጥርቅም አድርገው ዘግተውታል። ከንቲባው በዚያ ጭንቅ መሀል እጃቸውን ዘርግተው የፊተኛውን መጋረጃ ገለጥ አደረጉት። ሰው ሁሉ እየታፈነም ቢሆን አጨበጨበ። ጋሽ ሸዋቀናም አጨበጨበ። እጁ ከማን ጋር እንዳጨበጨበ እንኳን አላወቀም፤ አንዱ መዳፍ የሱ አልነበረም።

ዲቹ ሞልቶ ሰው አስፋልቱ ላይ መውጣት ጀመረ። ያኔ በመላው ሐሮቤ ጩኸት ቀለጠ።

"ሰው ሞላ! ኧረ ሰው ሞላ! ምንጣፉን አንሡ! ልጆቹን ቆጥ ላይ አውጡ!"

ውሃዎች በየበሩ እየወጡ ደጃፋቸው ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ይደረድራሉ። አንዲት እናት ውሃ ልጆቿን በየብርጭቆው አድርጋ ወደ ጣሪያ ታቀብላለች። ጋሽ ሸዋቀና "አይዞሽ፣ እኛ ክፉ ሰዎች አይደለንም" ሊላት ፈለገ። ድምፁ ግን ከሌላው ሰው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ዝም ብሎ ሆ የሚል ነገር ሆነ። ውሃዋም ይበልጥ ደነገጠች፤ እሱም አፈረ።

አሁን ደግሞ እንዴት እንደሆነ አይታወቅም፣ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ አየ። ድንኳኑ ዲቹ ጫፍ ላይ ነው፤ ጋሽ ሸዋቀና አንገቱ ብቻ ከዲቹ ወጥቶ ውስጡን ያያል። በእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ውሃዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ በጆግ፣ አንዱ በጀሪካን፣ አንዱ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ። ጠበሉ ስብሰባውን በጸሎት ከፈተው። አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር፦ በየዓመቱ ለሚያስቸግረው የሰው ጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ መሥራትና ገንዘቡን ማዋጣት።

"እኔ በሳምንት አንዴ ነው የምመጣው" አለ የቧንቧው ውሃ እየተነጫነጨ። "እሱም ሌሊት ነው። ሁልጊዜ ከሚኖረው ጋር እኩል አዋጣ የምባለው በምን ሒሳብ ነው?"

"እኔ ደግሞ ከማንም ጋር አልቀላቀልም" አለ የታሸገው ውሃ። ክዳኑን እንኳን አልከፈተም።

"ሐይቁስ? ትልቁ ሀብታም እሱ አይደል? ምነው ቀረ?" አለች ሳፋዋ ውስጥ ያለችው።

"ሐይቁ ሰላምታ ልኳል" አለ በሩ ላይ የቆመው አባ ኮዳ። "ሐሳቡን ይደግፋል። ሲመረቅ ይመጣል።"

እንደኛው ነው፣ እንደኛው! ሲጨቃጨቁ፣ ሲኮራረፉ፣ አንዱ ተነሥቶ "ያለፈው መዋጮ የት ገባ?" ሲል፣ ሌላው "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" ሲለው፣ ሁሉም ሲያጉረመርሙ ቆዩ። በመጨረሻ ከፊት ለፊት የተቀመጠው ሰብሳቢ ተነሣ። ወፍራም፣ ጠቆር ያለ የጉድጓድ ውሃ ነው። አናቱ ላይ የጋሽ ሸዋቀናን ኮፍያ ደፍቷል። ያችኑ የራሱን ኮፍያ፣ ጠርዟ የተተረተረውን! ኮፍያዋን ወደ ኋላ ገፋ አደረጋት፤ ጉሮሮውንም ጠረገ።

"ቦዩ ቀጥ ብሎ ቢሄድ በእኔ ደጅ ነው የሚያልፈው" አለ። "ግን ከጎን የይፍቱሥራ ጓሮ አለ። ባዶ ነው፤ ቁልቁልም ነው። ሰውን እዚያ ድረስ እናምጣው። ቀሪው በሁለተኛው ምዕራፍ ይታያል።"

ውሃዎቹ በደስታ ተንቦጫረቁ። ማጨብጨባቸው ነው።

"አይሆንም!" ብሎ ጮኸ ጋሽ ሸዋቀና ከዲቹ ውስጥ። "ውሸት ነው! ጓሮው ባዶ አይደለም፣ ቤት አለበት! ቤቱ ውስጥ ሽማግሌ ተኝቷል! የሰው መንገድ በሱ ደጅ ነው፤ ጥንትም በዚያ ነው! እኔ አውቃለሁ፤ ይኼን ንግግር የተናገርኩት እኔ ነኝ!"

የጉድጓዱ ውሃ ዞር ብሎ አየውና ከአንጀቱ ሳቀ።

"ጎርፍ ስብሰባ ላይ ሲናገር የት አይታችኋል? ኢንጂነር፣ ክፈተው!"

ኢንጂነር ሰላሙ ብቅ አለ። ከድንኳኑ ታዳሚዎች እሱ ብቻ ሰው ነበር፤ ግን እስከ ጉልበቱ ቡትስ አድርጎ ስለነበር ማንም አላስተዋለውም። ስካቫተሩ ላይ ወጥቶ የመሠረት ድንጋዮቹን በአንድ ጊዜ አፈሳቸው።

አቤት ያን ጊዜ! የሐሮቤ ሰው በሙሉ፣ ከኮረብታው እስከ ገበያው ያለው፣ ታምቆ የቆየው ሁሉ ተለቀቀ። ጋሽ ሸዋቀና ግቢው ፊት ለፊት ሲደርስ የሰርቪስ ቤቶቹን በር ለመያዝ እጁን ዘረጋ። በሮቹ ተቀርቅረዋል፤ ደጃፋቸውም ላይ እስከ ጣሪያው ድረስ አሸዋ የሞላ ጆንያ ተደርድሯል። የደረደረው እሱ ራሱ ነው። ቦዩ ወደ ግራ ታጠፈ፣ እሱም አብሮ ታጠፈ።

የይፍቱሥራ አጥር ቆርቆሮ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳን ሳይነቀንቁት ወደቀ። ጎመኑ ከነሥሩ ተነቀለ። ጋሽ ሸዋቀና የልብስ ማስጫውን እንጨት አቅፎ "ቁሙ! ኧረ ስለ አምላክ ቁሙ!" እያለ ጮኸ። እንጨቱም ከነአቃፊው አብሮ ሄደ። በሩ ተከፈተና ገቡ። ባለ ሥጋ ቤቱ ገባ፣ ከንቲባው ገቡ፣ ተከራዮቹ ገቡ፣ በር ሳያንኳኩ፣ "ቤቶች" ሳይሉ ገቡ።

ይፍቱሥራ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ በጎድጓዳ ሳህን ሰው እየጨለፈች በመስኮት ትደፋለች። ከንቲባውን ጨልፋ ደፋች። ባለ ሥጋ ቤቱን ጨልፋ ደፋች። በአንድ በኩል ስትደፋ በሌላ በኩል ይገባል። ላብ አጥምቋታል። ቀና ስትል ዓይኗ ከጋሽ ሸዋቀና ዓይን ጋር ገጠመ።

"ጋሼ፣ እርስዎም መጡ?" አለችው።

እንዲህ ብቻ ነው ያለችው። ሳትቆጣ።

"ገፍተውኝ እኮ ነው ይፍቱ! አልፈልግም ነበር! ከኋላ ገፉኝ!"

"እህ፣ ሁሉም እንደዚያ እያሉ ነው የሚገቡት።"

ጥጉ ላይ የአባባ ደገፋው አልጋ አለ። አራቱን እግር በብሎኬት ከፍ አድርጋዋለች፤ እሱም አልበቃም። ሰው እየጨመረ፣ እየጨመረ ፍራሹ ጋ ደርሷል። ሽማግሌው ዓይናቸው ብዙም አያይም።

"ይፍቱ፣ ማነው የገባው?"

"ጋሼ ሸዋቀና ናቸው አባባ።"

"ታዲያ ምን ያስጮኸዋል? ጎረቤት አይደል? ወንበር ስጪው እንጂ።"

ወንበር! ወንበሩ ከሰው በላይ ተንሳፍፎ ጣሪያ ነክቷል። ጋሽ ሸዋቀና ላለመጠጋት ግድግዳውን በጥፍሩ ቧጠጠ፤ የኋላው ሰው ግን ገፋው፣ የዚያንም የኋላው ገፋው። ጉልበቱ ፍራሹን ነካ። ከዚያ ደረቱ። ከዚያ የሽማግሌው ደረት ላይ ወጣ። ከሥሩ ሲተነፍሱ ይሰማዋል፤ ትንፋሻቸው እያጠረ ሲሄድም ይሰማዋል። የሚያፍናቸው እሱ ነው፤ የገዛ ክብደቱ ነው። መውረድ አይችልም።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ! አባባ!"

"አይዞህ ልጄ" አሉ ሽማግሌው ከሥር። "ምን ታደርግ፣ ቁልቁል ነው።"

ልቡ ተሰነጠቀ። አንገቱን ወደ መስኮቱ አዞረና ባለ በሌለ ኃይሉ "ሰላሙ! ወደ እኔ ቤት! ወደ እኔ ቤት መልሰን! ሰርቪሶቹ ይፍረሱ፣ ሁሉም ይፍረስ፣ ወደ እኔ ቤት ነው!" ብሎ ጮኸ። ኢንጂነር ሰላሙ ስካቫተሩ ላይ ሆኖ እጁን ጆሮው ላይ አደረገና "ምን አሉ ጋሼ? የሞተሩ ድምፅ አላሰማ አለኝ!" አለው። የሞተሩ ድምፅም እየበረታ፣ እየበረታ መጣ።

"ተነሥ! አንተ ሰው፣ ተነሥ እንጂ!" እያለች አመለወርቅ ትነቀንቀዋለች። "ነግቷል። ስካቫተሩም መጥቷል፣ አትሰማም? ሊቀመንበሩ የታል እያሉ ነው።"

ጋሽ ሸዋቀና አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ላብ በላብ ሆኗል። የሞተሩ ድምፅ እውነት ነው፤ ውጭ ይጮኻል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አማተበ።

"አመለወርቅ፣ ቦዩ በእኛ ግቢ ነው የሚያልፈው።"

"ምን አልክ?"

"ሰርቪሶቹን እናፈርሳለን! ያችን ሴትዮ ልገድላት ነበር እኮ፣ ከነአባቷ!"

የሚስቱን መልስ ሳይጠብቅ ካፖርቱን በፒጃማው ላይ ደርቦ፣ ነጠላ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ሮጠ ብላችሁ ይቀለኛል። በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ክብሩ፣ ፒጃማው እየተውለበለበ ሮጠ። እውነቱን ነው፤ ያን ጊዜ ቆርጦ ነበር። ይኼን ያለኝ እሱ ራሱ ነው፤ እኔም አምነዋለሁ። ቁጭ ብለው ሲጠብቁ የነበሩት ቆፋሪዎች ሊቀመንበሩን ሲያዩ አካፋቸውን ይዘው ተነሡ። ስካቫተሩ ክንዱን አንሥቶ የይፍቱሥራ ጓሮ አፋፍ ላይ ቆሟል።

አጥሯ የለም። ቆርቆሮው ተነቃቅሎ በሥርዓት ተደርቦ ግድግዳው ጥግ ተቀምጧል። ጎመኑም ተለቅሟል፤ መሬቱ ተጠርጓል። ይፍቱሥራ ነጭ ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳ፣ በትሪ ሙሉ ትኩስ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

"እንደምን አደሩ ጋሼ! እኔ እኮ ልመጣልዎ ነበር፣ ቀደሙኝ።"

"ይፍቱ፣ ቆይ፣ ስሚኝ..."

"የለም፣ አስቀድሜ እኔ ልናገር፤ ሆዴ ሞልቷል" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "ሰው ሁሉ ለራሱ ሲሻማ እርስዎ ቦዩ በእኔ ደጅ አልፎ ሐይቁ ድረስ እንዲወርድ አሰቡልኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚህ ሰፈር አንድ ነገር ከእኔ ቤት ሲጀመር አይቼ አላውቅም። ስካቫተሩ እንዳይቸገር አጥሩን ራሴ ነቀልኩት። አባባም ትናንት ስነግራቸው ምን አሉ መሰለዎት? 'እንግዲያው ዘንድሮ በደረቅ አልጋ ልሞት ነው' ብለው አለቀሱ። በደስታ ነው ጋሼ።"

ጋሽ ሸዋቀና አፉን ከፈተ።

በዚያው ቅጽበት ከራሱ ከጋሽ ሸዋቀና አጥር ወዲያ ከሰርቪስ ቤቶቹ አንደኛው ተከራይ ወጥቶ፣ ጥርሱን እየፋቀ "እንደምን አደርክ ጋሼ!" ብሎ እጁን አነሣለት። ግድግዳው ባለፈው የገና ሰሞን የተቀባ ነው፤ በጠዋት ፀሐይ ያምራል። ኢንጂነር ሰላሙም ሰዓቱን አየና "ጋሼ፣ የማሽኑ ኪራይ እየቆጠረ ነው። እንጀምር ወይስ የሚነግሩን ነገር አለ?" ብሎ ጠየቀ። ቆፋሪዎቹ ሁሉ ወደሱ ዞሩ። ይፍቱሥራም ትሪውን እንደያዘች ጎንበስ አለችለት።

"ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ክፉ አይንካዎ። እኔ ብድሩን መክፈል አልችልም፤ እግዜር ይክፈልዎ።"

"አሜን" አለ ጋሽ ሸዋቀና።

ከዚያም ትሪውን ከእጇ ተቀበለና ዳቦውን እየቆረሰ ለቆፋሪዎቹ ያድል ጀመር። ትልቁን ቁራሽ ለስካቫተሩ ሾፌር ሰጠው።